ጀልባ ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣

ጥያቄህ ደርሶኛል። «ጋሼ፣ ገንዘቤን ለባስ ላውጣ ወይስ ለባሕር? የትኛው ይበልጣል?» ነው ያልኸኝ። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ የጀመረ የሀገራችን ወጣት ሁሉ ውሎ አድሮ ይህን ይጠይቃል። አንዱ ፖቶማክ ወንዝ ላይ የባስ ጀልባ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲበር ያይና ልቡ ይሸፍታል። ሌላው ኦሽን ሲቲ ወደብ ላይ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ማርሊን ተሰቅሎ ሲመዘን ያይና እንቅልፍ ያጣል። ከዚያ ሁለቱም ማታ ማታ ስልካቸው ላይ የጀልባ ዋጋ ሲያገላብጡ ያመሻሉ።

መልሴን አላንዛዛውም። መጀመሪያ የምትይዘው ውሃ ደጋግመህ ልትመለስበት የምትችለው ይሁን። ለአንተ ይህ ማለት ከቤትህ ግማሽ ሰዓት የማይርቀው ወንዝ ነው። ወደ ባሕሩም ሂድ፤ ግን ለጊዜው በእንግድነት ሂድ። ጀልባውን ተወው። ይህን ያልሁበትን ምክንያት ደግሞ በደንብ ስማኝ፤ ምክንያቱ ያልገባው ሰው ባዶ እጁን በተመለሰበት በመጀመሪያው ቀን ምክሩን ይረሳዋል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ።

ከባስ ልጀምር። እዚህ ሀገር «ባስ» ሲሉህ በአብዛኛው አፈ ሰፊውን፣ ላርጅማውዝ የሚሉትን ማለታቸው ነው። ጀርባው አረንጓዴ ነው፤ በጎኑ ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመር ይሄዳል፤ አፉ ሲከፈት የልጅ ቡጢ ያስገባል። አሜሪካኖች ይህን ዓሣ የወደዱት ለሥጋው ብለው አይደለም። የወደዱት ጠባዩን ነው። ባስ ሰፈሩን የማይለቅ ዓሣ ነው። የወደቀ ግንድ፣ የጀልባ ማቆሚያ እንጨት፣ የሳር ዳር፣ የድንጋይ ክምር ካገኘ እዚያው ያደባል። ብዙ ጊዜ አያሳድድም፤ የሚበላው ነገር በአጠገቡ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ዓመቱንም ሙሉ የሚያደርገው ነገር ሥርዓት አለው። በጸደይ ውሃው 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስና ከዚያ ሲያልፍ፣ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ ወለሉን በጅራቱ ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ ጥላ ስትሄድ እንቁላሉንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች የሚጠብቀው እሱ ነው። በበጋ ሙቀት ጥላና ጥልቀት ይፈልጋል። በመጸው የትናንሽ ዓሦችን መንጋ ተከትሎ ወደ ገባር ወንዞች ይገባል። በክረምት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ቢበላም በዝግታ ነው። እንግዲህ ልብ በል፦ ይህን ሁሉ አንድ ሰው፣ አንድ ወንዝ ላይ፣ በእግሩ እየሄደ ሊማረው ይችላል። ባስ የያዝህበት ግንድ በሚቀጥለው ሳምንትም ባስ ይኖርበታል፤ ጥሩ መሸሸጊያ ለረጅም ጊዜ ባዶውን አይቀመጥም።

እስቲ አንዲት አጋጣሚ ቀረብ አድርጌ ላሳይህ። ከዋሽንግተን ዝቅ ብሎ በሜሪላንድ በኩል ማታዎማን የሚባል ገባር ወንዝ አለ። የስሞልዉድ ፓርክ የጀልባ መነሻ እዚያው አፉ አጠገብ ነው፤ ትልልቅ የባስ ውድድሮች የሚነሡትም ከዚያ ነው። ውሃው ጨው የለውም፤ ግን ይሞላል፣ ይጎድላል። የአትላንቲክ ሙላት የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ፣ ፖቶማክን ሽቅብ ገፍቶ፣ ከዋሽንግተን ጫፍ እስካለው ሊትል ፎልስ ድረስ ይደርሳል። በዚህም የተነሣ በከተማዋ አጠገብ ወንዙ በቀን ሁለት ጊዜ ሦስት ጫማ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሃይድሪላ የሚባል የውሃ ሳር በወንዙ ተስፋፍቷል፤ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ጠላው፣ ባሱ ግን ቤቱ አደረገው።

አሁን ውሃው እየጎደለ ነው እንበል። ሳሩ ውስጥ ተደብቀው የነበሩ ትናንሽ ዓሦች ውሃው ሲሸሻቸው ወደ ሳሩ ዳር ይወጣሉ። ባሱ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ የሳሩ ጫፍ ላይ ይቆማል። አንተ ክርህ ላይ የጥይት ቅርጽ ያላት ትንሽ እርሳስ ታስገባና መንጠቆህን ታስራለህ። የመንጠቆውን ጫፍ በጎማው ትል አናት በኩል አስገብተህ ታወጣዋለህ፤ ከዚያ አዙረህ መልሰህ የትሉ ሥጋ ውስጥ ትደብቀዋለህ። ጫፉ ስለተሸሸገ ሳር አይዝም። ይህን የቴክሳስ አስተሳሰር ይሉታል። ከሳሩ በላይ በኩል ወደ ውሃው መምጫ ትወረውርና ትሉ ራሱ እየወረደ እንዲመጣ ትተወዋለህ።

ክሩን በጣትህ ያዘው። የሚመጣው ምልክት ትንሽ ነው፤ አንድ ጊዜ ቲክ ይላል፣ ወይም ነፋስ ሳይኖር ክሩ ወደ ጎን ይሄዳል። ዘንግህን ዝቅ አድርግ፣ የላላውን ክር ሰብስብ፣ ከዚያ በኃይል ወደ ላይ ሳብ። ባሱ ከውሃው ዘሎ አፉን ከፍቶ ራሱን ያራግፋል፤ ብዙዎቹ የሚያመልጡት እዚች ላይ ነው፣ ስለዚህ ክሩን አታላላው። ስታቀርበው አውራ ጣትህን አፉ ውስጥ አስገብተህ ታችኛውን ከንፈሩን ያዝ። ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል እንጂ አይቆርጥም። መንጠቆውን ነቅለህ ስትለቀው ውሃውን በጅራቱ መትቶ ይሄዳል። የባስ ሰው የሚያብደው በዚህ ነው። ዓሣው ያለበትን ቦታ አስቦ አገኘው፣ ለምን እዚያ እንደቆመም ያውቃል፣ ነገ ተመልሶ ሐሳቡን ሊፈትን ይችላል።

ለቆ መተው ያልሁት ሊገርምህ ይችላል። እኛ ሀገር ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ ይዞ የሚለቅ ሰው ቢገኝ ጤናውን ይጠራጠሩታል። እዚህ ግን ልማዱ ታሪክ አለው። ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ በ1967 በአርካንሳስ ቢቨር ሐይቅ ላይ ታላቅ የባስ ውድድር አዘጋጀ፤ በዓመቱ የባስ አጥማጆችን ማኅበር መሠረተ፤ በ1971 ደግሞ ባስማስተር ክላሲክ የሚባለውን ውድድር በሚድ ሐይቅ ላይ ጀመረ። ውድድሩ ሲበዛ የሞተ ዓሣ ክምርም በዛ፤ ሰውም ማጉረምረም ጀመረ። በ1972 ስኮት የተያዘው ሁሉ በሕይወት ተመዝኖ እንዲለቀቅ ማድረግ ጀመረ። ዛሬ የባስ ጀልባ ውስጥ ዓሣ በሕይወት የሚቆይበት ውሃ የሞላበት ሳጥን የምታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ልማዱ ከውድድር ሜዳ ወጥቶ የተራው አጥማጅም ጠባይ ሆነ።

ውድድሩ ያመጣው ሌላም ነገር አለ፦ የሚያብለጨልጭ ጀልባ፣ ትልቅ ሞተር፣ በዓይነት በዓይነቱ የተደረደረ ማባበያ። አንተን ያማለለህም ይኸው ነው። ስለዚህ የጆርጅ ፔሪን ነገር ልንገርህ። በ1932፣ የኢኮኖሚው ድቀት አሜሪካን ባደቀቀበት ጊዜ፣ ይህ የጆርጂያ ወጣት ገበሬ ሞንትጎመሪ በሚባል ውሃ ላይ በእጅ በተሠራ ጀልባ ወጣና 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ላርጅማውዝ ያዘ፤ 10 ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ካስመዘነው በኋላ ወደ ቤት ወሰደው፣ ቤተሰቡም በላው። ይህን ክብረ ወሰን ማንም ሳይደርስበት 77 ዓመት ቆየ። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የሚባል ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ ላይ ከፔሪው አንድ አውንስ በማይሞላ ብቻ የሚበልጥ ያዘ። ደንቡ ቢያንስ የ2 አውንስ ብልጫ ስለሚጠይቅ ሁለቱ እኩል ተብለው ተመዘገቡ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት በውድ ጀልባ ሲባዝን የኖረው ሰው ፔሪን አላሸነፈውም። ባስ ባለጠጋና ድሃ አይለይም፤ የሚለየው ውሃውን የሚያውቀውንና የማያውቀውን ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ ልውሰድህ። ባሕሩን ለማሳነስ ነው የምጽፍልህ ብለህ እንዳታስብ። እኛ አብዛኞቻችን ሐይቅና ወንዝ እንጂ ባሕር ሳናይ ያደግን ነን፤ ዳርቻው የማይታይ ውሃ ላይ መጀመሪያ ስትወጣ የሚሰማህ ነገር በወንዝ አይገኝም።

ኦሽን ሲቲ ከዋሽንግተን የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። እዚያ ሰው በነፍስ ወከፍ እየከፈለ የሚሳፈርበት ትልቅ ጀልባ አለ፤ ዘንጉን ያከራዩሃል፣ ማባበያውን ይሰጡሃል። ገና ሳይነጋ ትሳፈራለህ። ውሃው ከወደቡ አጠገብ ቡናማ ነው፤ ስትርቅ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የሰጠመ መርከብ ያለበት ቦታ ሲደርስ ካፒቴኑ ጀልባውን ያቆምና ይጮኻል። ሁለት መንጠቆና ከባድ እርሳስ ያለበትን ክር በስኩዊድ ወይም በክላም ሥጋ አስጊጠህ ትለቃለህ። ክሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ እርሳሱ ወለሉን ሲነካ እጅህ ላይ ጠብ ይላል። ወዲያው ታች ያለ ነገር ይጎትትሃል። ምን እንደሆነ አታውቅም። ብላክ ሲ ባስ ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ሻርክ ሊሆን ይችላል፣ ክንፍ ያለው የሚመስልና የሚያጉረመርም ዓሣ ሊሆን ይችላል። ወንዝ ላይ በአብዛኛው የምትጠብቀውን ታወጣለህ፤ እዚህ ግን ክሩ ጫፍ ላይ ያለውን ለማየት ጎረቤትህ ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል።

የጨው ውሃ ዓሣ ጉልበቱም ሌላ ነው። ባስ ይዘላል፣ ይታገላል፣ ግን ትግሉ አጭር ነው። ብሉፊሽ ወይም ቀይ ድራም ሲይዝህ ክርህን ይዞ ይሸመጥጣል፤ ጥቅሉ እየጮኸ ይፈታል፤ አንተ መያዝ እንጂ መሳብ አትችልም። ስታወጣው ደግሞ ወንዝ ላይ የለመድኸውን እንዳትደግም። ብሉፊሽን በአውራ ጣትህ ከንፈሩን ልያዝ ብትል ጣትህን ታጎርሰዋለህ፤ ጥርሱ ይቆርጣል። መንጠቆውን በፒንሳ ንቀል።

ከሁሉም በላይ ግን የአካባቢያችንን የባሕር ዓሣ እወቅልኝ። ሜሪላንዶች ሮክፊሽ ይሉታል፤ ሌላው ሀገር ስትራይፕድ ባስ ይለዋል። ስሙ ባስ ይሁን እንጂ ከላርጅማውዝ ጋር ቤተሰብ አይደለም፤ ኑሮውም የተገላቢጦሽ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሴቷ ከባሕር ወደ ፖቶማክ፣ ወደ ቾፕታንክ፣ ወደ ናንቲኮክ፣ ወደ ላይኛው ቼሳፒክ ትመጣና በወራጁ ውሃ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ጎጆ የለ፣ ጠባቂ የለ፤ እንቁላሉ ከውሃው ጋር እየተንሳፈፈ ይፈለፈላል። ትንንሾቹ በባሕረ ሰላጤው ያድጋሉ፤ ትልልቆቹ ሴቶች ውቅያኖስ ገብተው በጠረፉ እስከ ኒው ኢንግላንድ ድረስ ይወጣሉ፤ ለመውለድ ሲደርሱ ተመልሰው ይመጣሉ። በ2011 ከኮነቲከት ጠረፍ የተያዘው የዓለም ትልቁ 81.88 ፓውንድ መዝኗል፤ 37 ኪሎ ያህል ነው። ከፔሪ ባስ ጋር አስተያየው።

ይህ ዓሣ ግን አንድ ጊዜ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከልክ በላይ ተያዘ፤ ኮንግረስ በ1984 ሕግ አወጣ፤ ሜሪላንድም ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን ጭራሽ ከለከለች። በ1995 አገገመ ተባለ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ እንደገና ከልክ በላይ ተይዟል ተብሎ ደንቡ ጠብቋል፤ በባሕረ ሰላጤው ልትወስደው የምትችለው በቀን አንድ፣ እሱም ከተወሰነ ርዝመት የማያንስና የማይበልጥ ነው። በማባበያ ሥጋ ስታጠምድ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ መጠቀም ግዴታ ነው፤ ይህ መንጠቆ ሆዱን ሳይሆን የአፉን ጠርዝ ስለሚይዝ ዓሣው ሲለቀቅ ይተርፋል። በበጋው እሳት ማጥመዱ ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋል፤ ሞቃት ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው የታገለ ዓሣ ቢለቀቅም ይሞታል። የዓሣ ሀብቱን የሚቆጣጠሩት ባለሙያዎች ከሚለቀቁት ሮክፊሾች 9 ከመቶ ያህሉ ይሞታሉ ብለው ነው የሚያሰሉት። ስለዚህ «ለቅቄዋለሁ» ማለት ብቻ ከኃላፊነት አያድንም። ቶሎ አውጣ፣ በእርጥብ እጅ ያዝ፣ ፎቶ ካማረህ አንድ አንሣና ልቀቅ።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አየሃቸው። ለምን ከወንዙ ጀምር እንዳልሁህ አሁን ልንገርህ።

ዓሣ ማጥመድ ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱ ማግኘት ነው፣ ሌላው ማውጣት። በተከፈለበት የባሕር ጀልባ ላይ ማግኘቱ የካፒቴኑ ሥራ ነው። የሰጠመውን መርከብ ቦታ የሚያውቀው እሱ፣ የወፎቹን አበራር አይቶ መንጋውን የሚከተለው እሱ፣ «ልቀቁ» የሚለውም እሱ ነው። አንተ የምትማረው ማውጣትን ብቻ ነው። ሃያ ጊዜ ብትሄድ ሃያ ጊዜ እንግዳ ነህ። የራስህን ጀልባ ገዝተህ ብቻህን ብትወጣ ደግሞ ባሕሩ በጣም ሰፊ ነው፤ ዓሣውም ዛሬ ያለበት ነገ የለም። ያልሠለጠነ ሰው ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ሲያቃጥል ይውላል። ወንዙ ላይ ግን ማግኘቱንም ማውጣቱንም የምትሠራው አንተው ነህ። ባዶ እጅህን ከተመለስህ ለምን እንደሆነ አስበህ በሦስተኛው ቀን ትመለሳለህ። የሚያስተምረው መመለሱ ነው። ሦስት ሰዓት ነድቶ የሚደረስበት ውሃ በዓመት ስንት ጊዜ ይመለሱበታል?

የእኛ ወንዝ ደግሞ ሌላ ስጦታ አለው። ብዙ የአሜሪካ የባስ ሐይቆች የቆመ ውሃ ናቸው፤ እዚያ የተማረ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው። ፖቶማክ ላይ የተማረ ግን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ማንበብ፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ዓሣው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ መገመት፣ ውሃው ቆሞ ሲውል መታገሥ ለምዷል። ቼሳፒክ ድልድይ ሥር ያለው ሮክፊሽም ምሶሶው ጀርባ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ነው የሚቆመው። የባሕሩን ግማሽ ትምህርት ሰፈርህ ሆነህ ጨርሰኸዋል ማለት ነው። ፈቃዱም እንኳ ይህን ይመሰክራል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሙላት በሚደርስበት ወንዝ ላይ ባስ የምታጠምድበት የቼሳፒክና የጠረፍ ፈቃድ ሮክፊሽም ታጠምድበታለህ። በዋሽንግተን ከተማ ክልል ግን የከተማዋን ፈቃድ ለብቻው ማውጣት አለብህ። ደንቡ በየዓመቱ ይለወጣልና ከመውጣትህ በፊት የዘንድሮውን አንብብ።

ስለ ዕቃ ደግሞ እነሆ። ሰባት ጫማ ርዝመት ያለው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ፣ 3000 ቁጥር ሪል፣ 15 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር፣ ጫፉ ላይ ክንድ የሚያህል ፍሎሮካርቦን። በዚህ ባስም፣ ነጭ ፐርችም፣ ትንንሽ ሮክፊሽም ትይዛለህ። የጎማ ትል፣ ጥቂት እርሳስ፣ የትል መንጠቆ፣ ክብ መንጠቆ፣ ፒንሳ ጨምር። ሌላውን ሱቁ ውስጥ ተወው። ጨው ውሃ ላይ በዋልህበት ማታ ግን ደክሞኛል ሳትል ዘንጉንና ሪሉን በንጹሕ ውሃ እጠብ። ጨው ዕቃን ሌሊቱን ነው የሚበላው፤ በወንዝ ዓመታት የሚያገለግል ሪል በባሕር ቸልታ በአንድ በጋ ይዝጋል።

ለእግረኛ የሚሆን ቦታም አይጠፋም። ዋሽንግተን ውስጥ ሄይንስ ፖይንት አለ። ፍሌቸርስ ኮቭ በጸደይ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ሽቅብ ሲመጣ ሰው የሚሰለፍበት ነው፤ የሚቀዘፍ ጀልባም ያከራያሉ። በቨርጂኒያ ሊሲልቬኒያ ፓርክ አለ። ጨው ሲያምርህ ከቼሳፒክ ድልድዩ ማዶ የማታፒክ ማጥመጃ መድረክ አለ፤ የደም ትል በመንጠቆ አድርገህ ስፖትና ክሮከር ትይዛለህ። ውቅያኖሱን ከፈለግህ አሳቲግ ደሴት አለ፤ የዱር ፈረሶች በሚመላለሱበት አሸዋ ላይ ቆመህ ከፊትህ ወዳለው ጥልቅ ቦይ ትወረውራለህ። ይህ ሁሉ ጀልባ አይጠይቅም።

አንዳንዴ ግን ወንዙም ላይ አንድ ነገር ልትይዝ ብለህ ሌላ ይወጣል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ፖቶማክ ላይ እውነት ሆኗል፤ የእባብ ራስ ያለው ስኔክሄድ የሚሉት ከእስያ የመጣ ዓሣ ከ2004 ጀምሮ በወንዙ ይገኛል። ከያዝኸው አትልቀቀው፤ በሕይወት ይዞ መሄዱን ደግሞ ሕጉ ይከለክላል። እዚያው ግደለው። መልኩ ያስፈራል እንጂ ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፤ ለጉላሽ ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ። ብሉ ካትፊሽም መጤ ነው፤ አምባዛ ለለመደ ሰው አዲስ አይሆንበትም፤ ትንንሹን ብላ፣ ትልልቁ በዕድሜው ብዙ መርዝ ያጠራቅማል። ከፖቶማክ የምትበላውን ዓሣ ዓይነትና መጠን ክልሎቹ በየጊዜው ያወጣሉ፤ እሱን ተመልከት። ከባሕሩም ቢሆን ማርሊን፣ ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣና ኪንግ ማከረል ሜርኩሪ ስለሚበዛባቸው ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባለበት ቤት አታስገባ። ባሱን ግን ልቀቀው፤ ጠባቂው ወንድ በጸደይ ከጎጆው ከተነሣ ጫጩቶቹን ሌላው ዓሣ ይጨርሳቸዋል።

ስለ አደጋ አንድ ቃል። ወንዙ ለስላሳ ነው ብለህ አትናቀው። ከግሬት ፎልስ በታች ባለው ገደል መዋኘትና በእግር መግባት የተከለከለው ብዙ ሰው ስለበላ ነው። ባሕሩ ደግሞ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ጠዋት ዘይት የመሰለ ውሃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ይገለበጣል። የአየር ትንበያው ለትንንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ካወጣ፣ የጋበዘህ ጓደኛህ «ምንም አይል» ቢልህም እቤትህ ዋል። ጀልባ ላይ የነፍስ አድን ጃኬቱን ልበሰው እንጂ አትቀመጥበት። ለባሕር ሕመም መድኃኒቱን ከመሳፈርህ በፊት ዋጥ፤ ከተሳፈርህ በኋላ የአድማሱን መስመር እንጂ ስልክህን አትይ።

ገንዘብ አገኝበታለሁ የሚል ሐሳብም ካለህ ከአሁኑ አውጣው። የባስማስተር አሸናፊ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸለማል፤ ከ1974 ጀምሮ ኦሽን ሲቲ ላይ የሚደረገው የነጭ ማርሊን ውድድር ሚሊዮኖች ይከፍላል። ግን በ2016 በዚያው ውድድር 2.8 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዓሣ ያስመዘነ ሰው የውሸት መመርመሪያውን ስላላለፈ ገንዘቡ ተይዞ ነገሩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በዓመቱም ተፈረደበት። ዓሣና ገንዘብ አንድ ሚዛን ላይ ሲወጡ ሰላም የለም። አንተ ሥራ አለህ፤ ይህ የዕረፍትህ ነው፤ የዕረፍት አድርገህ ያዘው።

ጀልባስ መቼ? ወንዙ ላይ በእግርህ የምትደርስበትን ቦታ ሁሉ አውቀህ፣ ማዶ ያለውን የሳር ዳር እያየህ «ሙላቱ በዚህ ሰዓት ሲጎድል እዚያ ዓሣ አለ» ብለህ በእርግጠኝነት መናገር ስትጀምር። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀዘፍ ተከራይ፣ ከዚያ ካያክ አስብ። ከዚያም ልብህ አሁንም ባሕር ባሕር ካለ ሂድ፤ የባሕር ሰው ነህ ማለት ነው፣ የሚያሳፍርም የሚያስቆጭም አይደለም። እኔ የምፈራልህ ውሃ ሳታውቅ ዕዳ እንዳታውቅ ብቻ ነው።

ለመጪው ቅዳሜ ይህን አድርግ። ዓርብ ማታ የፖቶማክን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ክፈት። ውሃው ሙሉ በሙሉ ከሚጎድልበት ሁለት ሰዓት ቀድመህ ውሃው ዳር ተገኝ። አንድ ዘንግ፣ አንድ ዓይነት ትል፣ አንድ የሳር ዳር። የውሃውን ሙቀት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ዓሣው የነካህን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፍ፤ ምንም ካልነካህም ጻፍ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታ ተመለስ። ጽሑፉን ይዘህ ና፤ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን እናየዋለን።

ጋሼህ